ሐበሺያዋ እኔ ነበርኩ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ ሰው ከሦስት አይበልጥም ነበር። በዚህ አልኮራም፣ አላፍርምም። የማነሣው ነገሩ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። ሰዎች ግን ከመጨረሻው ይጀምሩታል። «ለገንዘብ ብላ የአገሯን ልጅ አሳሰረች» ይላሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሉታል፣ ሽንኩርት ስገዛ ከኋላዬ ይሉታል። ጆሮዬ ደህና ነው። ያሉትን ሁሉ ሰምቼ ለአንዳቸውም አልመለስኩም። አሁን የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ። ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝ ቢኖር ሁለተኛ አልናገርም።

በመተማ በኩል ስሻገር ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሁን ስድሳ አልፌአለሁ። በሰው አገር መጀመሪያ የተማርኩት ምግብ ማብሰል ወይም ዐረብኛ አይደለም፤ ስም አለመስጠት ነው። ያስተማረኝ ነፍሱን ይማረውና ባሌ ነው። «ስምሽን ያስመዘገብሽ ቀን መያዣ ሰጠሻቸው ማለት ነው» ይለኝ ነበር። ከሻ የሚባል ነገር አለ። ፖሊስ ሰፈሩን ከቦ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እንደ እህል በመኪና ጭኖ የሚሄድበት ቀን ነው። በከሻ ቀን ፖሊሱ ዝርዝር ይዞ ከመጣ በዝርዝሩ ያለ ይጠፋል፣ የሌለ ይተርፋል። ስለዚህ በክሊኒኩ አንድ ስም ሰጠሁ፣ በወፍጮ ቤቱ ሌላ። በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቼ እንኳ ልማዱ አልለቀቀኝም። ስም የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከኪሴ የሚያወጣ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ ወጥ ቤት ነው። ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ሰፊ መሬት ተከራይቶ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ አንድ ሸሪካ ነበር፤ ሸሪካ የሚሉት ኩባንያውን ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ለቀን ሠራተኞቹ የማበስለው እኔ ነበርኩ። ሠራተኞቹ የሚያድሩበትን ሰፈር ካምቦ ይሉታል። ወደ ሊቢያ ለመሻገር ገንዘብ የሚያጠራቅሙ የአገራችን ልጆች ነበሩበት፣ በሐምዳይት በኩል ገብተው በካምፕ የሚኖሩ የትግራይ ሰዎችም ነበሩበት። ጠዋትና ማታ ገንፎና የባሚያ ወጥ ነው። ሁሉም ይበላል፣ ሁሉም ያማርራል። ድስቱ የእኔ፣ ማሽላው የእኔ፣ ዘይቱ የእኔ። ሸሪካው የሚከፍለኝ በሰው ቁጥር ነው። በየሳምንቱ የመጋዘኑ ጸሐፊ ሳህን ቆጥሮ ወረቀት ይጽፍና ማኅተም ይመታል። አጨዳው ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ገንዘቤን እወስዳለሁ።

የመጀመሪያውን ወረቀት የጻፈ ቀን ጸሐፊው ቀና ብሎ «ስምሽ ማነው?» አለኝ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ወረቀቱ ስም ይፈልጋል ኻላ።» ኻላ ማለት አክስት ነው፤ እዚያ አገር ልጅ ሁሉ አሮጊትን እንዲህ ነው የሚጠራ።

«በዚህ ካምቦ ከእኔ ሌላ ወጥ የምትሠራ ሐበሺያ አለች?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። «የለችም።»

«እንግዲያው እሱን ጻፍ።»

ሳቀና ጻፈ። «ለሐበሺያዋ» ብሎ። ይህን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ያን ጊዜ አበልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ሐበሺያ ነበረች፣ ወጥም ትሠራ ነበር። አልቆጠርኳትም።

አበልጄ የምላት የወንዜ ልጅ ናት። ከእኔ በሃያ ዓመት ታንሳለች። ገዳሪፍ ስትገባ የአርባ ቀን ሴት ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ አንድ ላስቲክ ይዛ ነው የመጣችው። እኔ ቤት አረፈች። ሰማንያ ቀኑ ሲሞላ ልጂቱን ክርስትና አነሣሁላት። ልጂቱ ከፍ ስትል መተማ ከአያቷ ዘንድ ተላከች፤ እናቷ ከእኔ ጋር ቀረች። ካምቦው ላይ ረዳቴ ነበረች። ደመወዝ ተነጋግረናል። የመጀመሪያውን ክረምት አልከፈልኳትም፤ ኪራይና ድስት ነበረብኝ። ቤቴ ትኖራለች፣ ማዕዴ ላይ ትበላለች፣ ብዬ አሰብኩ። የሁለተኛውን «ከሸሪካው ሲገባ» አልኳት። ይህንንም እኔው ነኝ የምጽፈው፤ ሌላ ሰው እንዳይነግርብኝ።

ቤቴ ያልኩት ግቢ የሐጃ ነው። ሐጃ የሰማንያ ዓመት ባልቴት ናቸው። በአንድ ግድግዳ ተከፍለን እነሱ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ዐሥራ ሰባት ዓመት ኖረናል። የካርቱም ጦርነት ሲነሣ ሸሽቶ የመጣው ሰው ገዳሪፍን ሞላት፤ የቤት ዋጋ ሰው የማይደርስበት ሆነ። የሐጃ ልጆች የእኛን ወገን እንሽጠው አሉ። ሐጃ ጠሩኝ።

«ያ ቢቲ፣ ልጆቼ አስጨንቀውኛል» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «እናንተ ግን የቤት ሰዎች ናችሁ። በድሮው ዋጋ ላንቺ ይሁን። የአጨዳው ገንዘብ እስኪገባ እጠብቅሻለሁ።»

ዋጋውን ነገሩኝ። የዚያ ክረምት ወረቀቶቼ ተደምረው ልክ ያንን ያህል ይሆናሉ፤ ትንሽም ይተርፋል። በሕይወቴ የራሴ የሆነ ደጃፍ ኖሮኝ አያውቅም። በእናቴ ቤት የወንድሞቼ ነበር፣ በባሌ ቤት የእናቱ። እንግዲህ ያ ሁሉ ነገር የመጣው ስለዚህ ደጃፍ ነው።

አጨዳው አለቀ። ሸሪካው አልከፈለም።

የሸሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ከሰሊጥ ገበያው አጠገብ ነው። ስምንት ጊዜ ሄድኩ። ስምንቱንም ጊዜ «ነገ» አለኝ። በስምንተኛው የተጠበሰ ጉበት እየበላ ነበር። ብይ አላለኝም።

«ኻላ፣ ባንኩ ካርቱም ነው። ካርቱም ደግሞ እንደምታውቂው ነች።»

«ሰሊጡስ ካርቱም ነው? ሰሊጡን እዚህ ስትሸጡ ዐይቻለሁ።»

«የሸጠው ሸሪካው ነው።»

«አንተ ማነህ ታዲያ?»

«እኔ ቅጥር ነኝ፣ እንዳንቺው። እኔም ደመወዝ አልወሰድኩ።» እጁን በወረቀት ጠረገ። «ሸሪካውን ጠይቂ።»

«ሸሪካው የት ነው የሚቀመጥ?»

ጉበቱን ጨረሰ።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከኒም ዛፍ ሥር የላስቲክ ጠረጴዛ ዘርግተው አቤቱታ የሚጽፉ ሽማግሌ አሉ። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ማንን ነው የምትከሺው?» አሉኝ።

«ማህዱዳን።»

«የቱን ማህዱዳ?»

«ባለ ሰሊጡን።»

መነጽራቸውን አወረዱና ዐዩኝ። እኔ በገዳሪፍ ጎዳና ሳልፍ በየሰሌዳው መጨረሻ የተጻፈውን ይህን ቃል ልጆች ሲያነቡት እሰማ ነበር። በዘይት መጭመቂያው ላይ ማህዱዳ፣ በጭነት መኪኖቹ ላይ ማህዱዳ፣ በማሽላ መጋዘኑ ላይ ማህዱዳ። የአያት ስም መስሎኝ ነበር። ብዙ ዘመድ ያለው የሀብታም ቤተሰብ። እንዲያውም እነዚህ ሰዎች ወንድም ከወንድም አይጣሉም ማለት ነው፣ ይህን ሁሉ አብረው የያዙት፣ እል ነበር። ሠላሳ ዓመት አከበርኳቸው።

ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከአጠገባቸው ሻይ የሚጠጣውን ሰው ጠርተው እንደገና አስነገሩኝ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ አስረዱኝ። «ማህዱዳ የተወሰነ ማለት ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ። ዕዳ ቢኖርበት የሚከፍል ሸሪካው በራሱ ስም ካለው ነገር ብቻ ነው። ባለቤቱ ቤት ቢኖረው፣ ትራክተር ቢኖረው፣ የሱ የግሉ ነው፤ አይነካም።»

«የኔስ ኪሳራ የተወሰነ ነው?»

«አንቺማ ሸሪካ አይደለሽ» አሉኝ።

ወረቀቶቼን አወጣሁ። ሃያ አንድ ነበሩ። አንዱን አነበቡ፣ ገለበጡ፣ ሌላውን አነበቡ። «በማኅተሙ የሸሪካው ስም ሙሉ ነው፤ መዝገብ ቁጥሩ ሳይቀር። ያንቺ የት አለ?»

«ሐበሺያዋ ይላል።»

«እሱማ ይላል። ገዳሪፍ ውስጥ ስንት ሐበሺያ አለ?»

እንዲያም ሆኖ ጻፉልኝ። ክሱ ላይ ስም እስከ ቅድመ አያት ይጠየቃል። የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን ስም ተራ በተራ ነገርኳቸው፤ እየደጋገሙ ጠየቁኝ፣ እየደጋገምኩ መለስኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ። በክሊኒክ ልብስ እንደ ማውለቅ ነው። ይሆናል፣ ያልፋል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የቀረብኩባቸው ዳኛ ወጣት ሰው ናቸው፤ ዳኛን እዚያ «ሙላና» ነው የሚሉ። ሥራ አስኪያጁ ከጠበቃ ጋር መጣ። ጠበቃው አልካደም። አንድ ወረቀት አወጣና «ሸሪካው ከፍሏል» አለ።

ወረቀቱ ላይ «እኔ የካምቦው ወጥ ሠሪ ሐበሺያ ከሸሪካው ያለኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ የቀረኝ የለም» ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«አሻራው ያንቺ ነው?» አሉኝ ሙላና።

«አይደለም።»

ጠበቃው ቶሎ ብሎ «ሙላና፣ እኛም የእሷ ነው አላልንም» አለ። «እኛ ያሠራናት ሐበሺያ ገንዘቧን ተቀብላ ሄዳለች። ይህች ሴት የእሷን ወረቀቶች ከየት እንዳገኘቻቸው አናውቅም።»

ሥራ አስኪያጁን ዐየሁት። ሁለት ክረምት ካምቦው በመጣ ቁጥር ከእኔ እጅ በልቷል። ጥፍሩን ይመለከት ነበር።

«ኻላ» አሉ ሙላና፣ «ሐበሺያዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ማስረጃሽ ምንድነው?»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ። በዚያ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሐበሺያ ተብያለሁ። በመንገድ፣ በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ ከኋላዬም ከፊቴም። ማስረጃ የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አሻራዬን አስነሡና ከወረቀቱ ጋር እንዲመሳከር ላኩት። የእኔ እንዳልሆነ መጣ። ግን ይህ ለጠበቃው ነው የጠቀመው። ሙላና «የፈረመችውን ሴት አምጪ፤ ወይም ሐበሺያዋ አንቺ መሆንሽን በሌላ አስረጂ» ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ። የመጋዘኑ ጸሐፊ አጨዳው ባለቀ በወሩ ሥራ ለቆ ሄዷል፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የቀን ሠራተኞቹም እንደ አሸዋ ተበትነዋል።

አሻራው የማን እንደሆነ ገና ፍርድ ቤት ሳለሁ ዐውቄ ነበር። አበልጄ ክሱን ላቀርብ ጥቂት ሲቀረኝ «ራሴን ልቻል» ብላኝ ዶካ ወርዳ ነበር። ከመኪና ተራው አጠገብ ፉልና ሻይ መሸጥ ጀምራለች ይላሉ። መነሻው ከየት ተገኘ አላልኩም ነበር። በአውቶቡስ ሄድኩ።

ከአንድ ሹፌር ጋር እየተጯጯኸች አገኘኋት። ስታየኝ ጭልፋውን ጣለችው።

«አበልጄ! ምነው፣ በደህና ነው? ልጄ ደህና ናት?»

«ልጅሽ ደህና ናት። አውራ ጣትሽን አሳዪኝ።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን ስታይ ተወችው። ሹፌሩን «ሒሳብህን አስቀምጥና ሂድ» ብላ ሸኘችና በርጩማ ሰጠችኝ።

«ያን ቀን አንቺ ወባ ይዞሽ ገዳሪፍ ገብተሻል» አለች። «ሥራ አስኪያጁ በመኪና መጣ። 'ሐበሺያዋ አንቺ ነሽ?' አለኝ። ታዲያ ምን ልበለው? ጣሊያን ነኝ ልበለው? አዎ አልኩት። ገንዘብ አወጣ። 'ደመወዝሽ ነው፣ አሻራ አድርጊ' አለኝ። አደረግኩ። ዐረብኛ አነባለሁ?»

«ስንት ሰጠሽ?»

ነገረችኝ። እኔ ካለብኝ የአንድ ክረምት ደመወዝ ብዙም አይበልጥ፣ ብዙም አያንስ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትወስጂው ነበራ።»

ይህ እውነት ነው። እወስደው ነበር።

«ሁለት ክረምት ጢስ ጠጣሁልሽ» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «እሱ አንቺን ነገ ይልሻል፣ አንቺ እኔን ነገ ትይኛለሽ። እሱስ ጉበት እየበላ ነው አልሽኝ፤ አንቺ ምን እየበላሽ ነው?»

«ልጅሽን ክርስትና ያነሣሁ ሰው ነኝ።»

«ልጄን አነሣሽ እንጂ እኔን አልገዛሽ።»

የመጣሁበትን ነገርኳት። መጥታ ይህንኑ ለዳኛው ብትናገር ሸሪካው ይከፍለኛል፤ እኔም የሁለቱን ክረምት እከፍላታለሁ፤ ሐጃም ግቢውን ይሸጡልናል። «ይሸጡልናል» ነው ያልኩት፤ «ይሸጡልኛል» አላልኩም።

«ወረቀት የለኝም አበልጄ። እዚያው ቢይዙኝስ?»

«ምንም አይሉሽም» አልኳት።

ሰው ሁሉ የሚያነሣብኝ ይህን ቃል ነው። ምንም አይሉሽም መሐላ አይደለም። ለታመመ ሰው ትድናለህ ይባላል፤ ቢሞት ያ ሰው ዋሸ አይባልም። እኔ የመሰለኝን ተናገርኩ። ወይም ያልመሰለኝን ተናገርኩ። ወደ ኋላ ብዬ ባስበው አላገኘውም። መምጣቷን ነበር የፈለግኩት።

መጣች። ነጠላዋን አጥባ፣ ተኩሳ።

ዐረብኛዋ የመኪና ተራ ዐረብኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ቆመላት። ገዳሪፍ የተወለደ የአገራችን ልጅ ነው፤ አማርኛው ጓጎላ ገንፎ ነው። ሙላና ለዚህች ሴት ምኗ ነሽ ብለው ጠየቁ። «አበልጇ ነኝ» አለች። ልጁ ትንሽ አሰበና «እኅቷ ናት» አላቸው።

ጠበቃው ብድግ አለ። «ሙላና፣ እኅት ለእኅቷ ልትመሰክር ነው የመጣችው!»

«እኅቴ አይደለችም» ብዬ ከመቀመጫዬ ተናገርኩ። «ልጇን ክርስትና አንስቻለሁ።»

ልጁ እንደገና ሞከረ። «እኅቷ አይደለችም። ልጂቱን... ከውኃ ውስጥ አወጣቻት።»

ሙላና ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሰጥማ ነበር?»

ጸሐፊያቸው ክርስቲያን ጎረቤት ሳይኖረው አይቀርም፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ አስረዳቸው። አበልጄ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ከዚያ ተናገረች። «ድስቱ የሷ ነው። እህሉን የምትገዛ እሷ ናት። ሳህን ሲቆጠር ወረቀቱን የምትቀበል እሷ ናት። እኔ ረዳት ነኝ። ሰውየው ሐበሺያዋ ነሽ ሲለኝ ነኝ አልኩ፤ ነኝና። የተቀበልኩት ደመወዜ መስሎኝ ነው።»

«ደመወዝሽን የሚከፍልሽ ማነው? ሸሪካው ነው?»

«አይደለም።»

«ማነው?»

ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «እሷ ናት። የሁለት ክረምት አለባት። አልከፈለችኝም።»

አስተርጓሚው ይህንን በትክክል ተረጎመው። ሙላና ወደ እኔ ዞረው «አለብሽ?» አሉኝ። ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር። «አለብኝ» አልኩ። ጻፉት። በኋላ አቤቱታ ጸሐፊው እንደነገሩኝ ያሸነፍኩት በዚህ ነው። የረዳትዋ ደመወዝ ያለባት ሴት የሥራው ባለቤት ናት፤ የሥራው ባለቤት ደግሞ በወረቀቶቹ ላይ ያለችው ሐበሺያ ናት። ካለመክፈሌ የተሻለ ማስረጃ አልነበረኝም።

ስንወጣ በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ አበልጄን ወረቀት ጠየቃት። የላትም። እኔም እንደ ሌለኝ ሆንኩ፤ የእኔ ፈቃድ ግን በጡት መያዣዬ ውስጥ ነበር። «ዋስ የሚሆናት አለ? የቤት ወረቀት ያለው?» አለ። እኔ የቤት ወረቀት የለኝም። ቤቱ የሐጃ ነው። አበልጄ ታየኛለች። ሐጃ ዘንድ ብሄድ ኖሮ ምናልባት የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አልነበረም። ግን የግቢውን ነገር ከፖሊስ ነገር ጋር ካገናኘሁት ልጆቻቸው ሰበብ ያገኛሉ፣ ሽያጩ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። «ነገ አንድ ሰው እፈልጋለሁ» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ይዘዋት በገላባት በኩል አሻገሯት። ሁለት ጊዜ ዳቦና ፉል ወስጄላታለሁ። ይህን ማንም አያወራውም። የሄደችውም ልጇ ወዳለችበት ነው። ከሄደች ወዲህ እንዲህ ሆነች፣ እንዲያ ሆነች የሚሉት አንዳቸውም አላዩዋትም።

ፍርዱ ለእኔ ሆነ። ሸሪካው የሃያ አንዱን ወረቀት ሙሉ ይክፈል ተባለ። ከፍርድ አስፈጻሚው ጋር ቢሮው ስንሄድ አንድ ጠረጴዛ፣ የማይዞር ማራገቢያና የተሰበረ ሚዛን አገኘን። ትራክተሮቹ በባለቤቱ ሚስት ወንድም ስም ናቸው። መሬቱ ኪራይ ነው። ያ ማህዱዳ ያልነው ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ ተወስኖ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ «ኻላ፣ ማራገቢያውን ውሰጂ» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም፤ የሚሰጠው እሱን ብቻ እንደሆነ ያምን ነበር።

አቤቱታ ጸሐፊው መከሩኝ። «ገና ያልሸጡት ሰሊጥ ይኖራል። በሸሪካው ስም ገበያ የገባ ዕለት የሸሪካው ነው።» ከሰሊጥ ገበያው በር ድንጋይ ላይ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩ። ጆንያ ዐያለሁ። ማኅተሙን ማንበብ አልችልም፤ ግን ሃያ አንድ ጊዜ ያየሁት ማኅተም ነው፤ ቅርጹን እንደ ልጅ ፊት ዐውቀዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን መጣ። አስፈጻሚውን ጠርቼ አስያዝኩት። ተሸጠ፣ ተከፈለኝ።

እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ሙሉ ነበር። ግን ጦርነቱ ገንዘቡን በልቶታል። ወረቀቱ በተጻፈ ጊዜ አንድ ጆንያ ማሽላ የሚገዛው አሁን ግማሹንም አይገዛም። ቁጥሩ አለ፤ ጉልበት የለውም። የቀረችኝ ሐጃ ያቆዩልኝ የድሮ ዋጋ ብቻ ነበረች። በዚያ ዋጋ አሁንም ልክ ነው። በጨርቅ ቋጥሬ በግድግዳው ዞርኩና ገባሁ።

ሐጃ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይዘው ነበር።

«አመጣሁ ሐጃ» አልኩ። «ሙሉ ነው።»

ቋጠሮውን አልነኩትም። «ዓርብ ዓርብ ጉልበቴን በሰሊጥ ዘይት የምታሸኝ አበልጅሽስ?»

ቋጠሮውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩ።

«ሲይዟት እኔ የት ነበርኩ? ከዚህ ግድግዳ ወዲህ አልነበርኩም?»

«ነበሩ።»

«የቤቴን ወረቀት ስጪኝ ብትዪኝ እከለክልሽ ነበር?»

«አልጠየቅኩም።»

«አልጠየቅሽም» አሉ። መቁጠሪያቸውን ጥቂት ቆጠሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «የድሮው ዋጋ የቤት ሰዎች ዋጋ ነው ያ ቢቲ። እናንተ ሁለት ስትሆኑ ያቆየሁት ነው። አሁን በገበያው ዋጋ ነው። ልጆቼን አነጋግሪ።»

የገበያው ዋጋ በእጄ ካለው ሦስት እጥፍ ነበር። አልተከራከርኩም። ቋጠሮዬን አንስቼ ወጣሁ። በሳምንቱ ከካርቱም የመጡ ባልና ሚስት ግቢውን ለክተው ገዙ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቆዪ አሉኝ።

የአበልጄን የሁለት ክረምት ደመወዝ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ወደ መተማ የሚሄድ የታመነ ሰው ሳገኝ እልክላታለሁ። እስካሁን አላገኘሁም። ይህንንም የሚያወራ አለ፤ ያውራ።

ከመኪና ተራው ወዲያ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከግቢው የወጣሁ ቀን ደመናው ከወደ ደቡብ ከብዶ ነበር፤ የክረምቱ መጀመሪያ ነው። የማድ ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበስኩት በራሴ ገንዘብ ነው። መሰላል ተዋስኩና ምስማሩን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሐጃ ምርኩዛቸውን ይዘው በግድግዳው ጫፍ ብቅ አሉ።

«ተዪው ያ ቢቲ። ዝናብ ይገባባቸዋል።»

ሰምቻቸዋለሁ። ሰባት ቆርቆሮ ነው። ሰባቱንም አወረድኩ፣ በጋሪ አስጫንኩ፣ ሄድኩ።